በድረ ገጽ ርዕስ ውስጥ «ያለ»፣ «ስለ»፣ «እንዴት»፦ የቱ ይቆረጥ፣ የቱ ይቆይ?

አንዲት ወዳጄ የምግብ አሠራር በአማርኛ የምታስተምርበት ድረ ገጽ አላት። አንድ ቀን ደወለችልኝና «ርዕሶቼን ለጉግል እንዲመች አድርጎ ያስተካከለልኝ ሰው አለ፤ እስቲ ገብተህ እያቸው» አለችኝ። ገብቼ አየሁ። «ያለ እርሾ የሚጋገር ድፎ ዳቦ» የነበረው ርዕስ «እርሾ ድፎ ዳቦ» ሆኗል። «ለስኳር ሕመምተኛ የሚሆን ቁርስ» ደግሞ «ስኳር ቁርስ» ተብሏል።

በጣም ደነገጥኩ። የመጀመሪያው ርዕስ ትርጉሙ ተገልብጧል። ሁለተኛው ደግሞ ለሕመምተኛ የተጻፈን ምክር ስኳር የበዛበት ምግብ አስመስሎታል።

ሰውየው ይህን ያደረገው በክፋት አይደለም። ለዓመታት ሲነገር የኖረ ምክር ነው የተከተለው። ምክሩ እንዲህ ይላል፦ በርዕስ ውስጥ የሚገቡ እንደ «ያለ» እና «ስለ» ያሉ ተራ ቃላት በጉግል ውጤት ላይ ያላችሁን ደረጃ ይቀንሳሉ፤ አውጧቸውና ቁልፍ ቃላቱ ብቻ ይቅሩ። ይህ ለእንግሊዝኛም ጊዜው ያለፈበት ነው። ለአማርኛ ግን ጭራሽ አይሆንም። በአማርኛ ድረ ገጽ ያላችሁ ሁሉ ይህን እንድታውቁ በጣም እፈልጋለሁ። ጥሩ ጽሑፍ በተበላሸ ርዕስ ምክንያት ሳይነበብ ሲቀር ያሳዝነኛል።

ምክሩ ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ሃንስ ፒተር ሉን የተባለ የአይቢኤም ተመራማሪ የሳይንስ ጽሑፎችን ርዕስ በኮምፒውተር የሚዘረዝርበት ዘዴ አበጀ። እያንዳንዱ ርዕስ በውስጡ ባሉት ቁልፍ ቃላት ልክ ደጋግሞ ዝርዝሩ ውስጥ ይገባል። ርዕሱ አራት ቁልፍ ቃል ካለው አራት ቦታ ታገኙታላችሁ። ታዲያ እንደ «ዘ»፣ «ኦፍ»፣ «ኤንድ» ያሉት የእንግሊዝኛ ቃላት በሁሉም ርዕስ ውስጥ አሉ። እነሱም ይዘርዘሩ ቢባል ወረቀቱ አይበቃም። ስለዚህ የሚዘለሉ ቃላት መዝገብ ተዘጋጀ። ስቶፕ ወርድስ የሚባለው ነገር የሚመዘዘው ከዚህ ነው። ልብ በሉ፣ ቃላቱ የተዘለሉት ቦታ ለመቆጠብ እንጂ ጎጂ ሆነው አይደለም።

በኋላም ጉግል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በጣም የተለመዱ ቃላትን ከፍለጋው ያወጣ ነበር። ማውጣቱንም ከውጤቱ በላይ በአንድ መስመር ይነግራችሁ ነበር። ቃሉ የግድ እንዲካተት ከፈለጋችሁ ከፊቱ የመደመር ምልክት ታስገቡ ነበር። የዛሬዎቹ ብዙ አማካሪዎች ምክሩን የወረሱት ከዚያ ዘመን ነው።

ግን ቃላቱን ማውጣት የማያስፈልግበት ምክንያት ከዚያም በፊት ይታወቅ ነበር። እንግሊዛዊቷ ካረን ስፓርክ ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1972 አንድ ቀላል ሐሳብ አቀረበች። አንድ ቃል በብዙ ጽሑፍ ውስጥ ከተገኘ ክብደቱ ይቀንስ፤ በጥቂቱ ከተገኘ ይጨምር። በምሳሌ እንየው። 1000 ገጽ አለን እንበል። «እንዴት» በ600ው ውስጥ ይገኛል፤ «ሽሮ» በ20ው ብቻ። ጠቅላላውን ገጽ ቃሉ በተገኘበት ገጽ ብዛት አካፍላችሁ የውጤቱን ሎጋሪዝም (በ10 መሠረት) ብትወስዱ «እንዴት» 0.22 ያህል ያገኛል፣ «ሽሮ» 1.70 ያህል። ማለትም ተራው ቃል ማንም ሳይቆርጠው በራሱ ይቀላል። ርዕሱን ወደ ታች የሚጎትትበት ክብደት የለውም።

አሁንስ?

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 ጉግል ቤርት የተባለውን፣ ቃላትን ከአጠገባቸው ካሉት ጋር አያይዞ የሚረዳ የቋንቋ ሞዴል ፍለጋ ላይ አስገባ። ያኔ ጉግል ራሱ ያሳየው ምሳሌ ግሩም ነው። አንድ የብራዚል ተጓዥ ወደ አሜሪካ ለመሄድ ቪዛ ያስፈልገው እንደሆነ ይጠይቃል። ድሮ ሲስተሙ «ወደ» የሚለውን ትንሽ ቃል ስለማያስተውል፣ ወደ ብራዚል ለሚሄዱ አሜሪካውያን የተጻፈ ገጽ ያመጣለት ነበር። ከቤርት በኋላ አቅጣጫው ገባው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ቤርት ከ70 በላይ ቋንቋዎች ደረሰ። አማርኛም በዝርዝሩ ውስጥ አለ።

ይህ ለእኛ ሩቅ ነገር አይደለም። «ከካናዳ ወደ ኢትዮጵያ ገንዘብ መላክ» እና «ከኢትዮጵያ ወደ ካናዳ ገንዘብ መላክ» ቁልፍ ቃላቸው አንድ ነው። ሕጉ፣ ሰነዱ፣ የሚሄዱበት ባንክ ግን ሌላ ነው። «ከ» እና «ወደ» ሲቆረጡ የሚቀረው «ካናዳ ኢትዮጵያ ገንዘብ መላክ» ነው። ይህን አንብቦ የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አይኖርም። ማሽኑም መገመት ይጀምራል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

ደረጃ 1፦ ርዕሶቻችሁን አንድ ቦታ ሰብስቡ

አንድ የኤክሴል ወይም የጉግል ሺት ገጽ ክፈቱ። በአንዱ ዓምድ ሊንኩን፣ በሁለተኛው የአሁኑን ርዕስ፣ በሦስተኛው አዲሱን ርዕስ፣ በአራተኛው የለወጣችሁበትን ቀን ታስገባላችሁ። ገጻችሁ ብዙ ከሆነ ብዙ ሰው በሚያያቸው 20 ጀምሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይለይ። ርዕስ ስል ሁለት ነገር አለ። አንዱ አንባቢው ገጹን ሲከፍት ከላይ በትልቁ የሚያየው ነው። ሌላው በኮዱ ውስጥ ታይትል ታግ የሚባለው፣ ጉግል ውጤት ላይ እንደ ሰማያዊ ሊንክ የሚወጣው ነው። ወርድፕረስ ላይ እንደ ዮስት ያለ ፕለጊን (ተጨማሪ መሣሪያ) ከጫናችሁ ሁለቱን ለየብቻ መጻፍ ትችላላችሁ። ካልጫናችሁ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ናቸው። እኛ በዋናነት የምናስተካክለው ታይትሉን ነው።

ደረጃ 2፦ ቃላቱን በሦስት ለዩ

እያንዳንዱን ርዕስ ቃል በቃል እዩት። ቃሉ ከሦስቱ በአንዱ ይወድቃል።

የመጀመሪያው ጉዳዩን የሚጠራ ቃል ነው፦ ዳቦ፣ ፓስፖርት፣ የቤት ኪራይ ውል።

ሁለተኛው አያያዥ ነው፦ ስለ፣ ያለ፣ እና፣ ወይም፣ ጋር፣ ላይ፣ ውስጥ፣ በፊት፣ በኋላ። «እንዴት»፣ «የት»፣ «ስንት» የሚሉት መጠይቆችም እዚህ ይገባሉ። ከቃል ጋር የሚጣበቁት የ፣ በ፣ ለ፣ ከ እንዲሁ።

ሦስተኛው ማድመቂያ ነው፦ «እጅግ አስገራሚ»፣ «ሊያመልጥዎ የማይገባ»፣ «ሙሉ መረጃ»፣ «ይመልከቱ»፣ «እንኳን ወደ ድረ ገጻችን በደህና መጡ»።

የድሮው ምክር ሁለተኛውን ቁረጡ ይላል። እኔ የምላችሁ ሁለተኛውን ተዉትና ሦስተኛውን ቁረጡ ነው።

ደረጃ 3፦ አያያዦቹን ከመንካታችሁ በፊት ፈትኗቸው

በዚህ ደረጃ አትቸኩሉ። አማርኛ ከእንግሊዝኛ የሚለየው እዚህ ጋ ነው።

በእንግሊዝኛ አያያዦቹ ብቻቸውን ይቆማሉ። አንዱን አንስታችሁ ብትጥሉት ጎረቤቱ ቃል አይነካም። በአማርኛ አብዛኞቹ ከቃሉ ጋር ተሰፍተዋል። «ለልጆች»፣ «ከልጆች»፣ «በልጆች»፣ «የልጆች» አራት የተለያየ ነገር ይላሉ፤ ልዩነታቸው አንድ ፊደል ነው። «ለልጆች የተጻፈ ታሪክ» እና «በልጆች የተጻፈ ታሪክ» አንድ ሊሆኑ አይችሉም። አሉታውም እንዲሁ ነው። «በእርግዝና ጊዜ የሚበሉ ምግቦች» እና «በእርግዝና ጊዜ የማይበሉ ምግቦች» መካከል ያለው ልዩነት አንድ ቃል መሐል የተደበቀ ነው። እዚህ ላይ መሳሳት የሰው ጤና ይነካል።

መጠይቆቹም እንደዚያው። ሦስት ገጽ አላችሁ እንበል፦ «ፓስፖርት እንዴት ይታደሳል»፣ «ፓስፖርት የት ይታደሳል»፣ «ፓስፖርት ለማሳደስ ስንት ይከፈላል»። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከመጠይቁ ውጪ አንድ ናቸው። «እንዴት»ን እና «የት»ን ብታወጡ ሁለት መንታ ገጽ ይኖራችኋል። ጉግል የትኛውን እንደሚያስቀድም ይቸገራል፣ ገጾቻችሁም እርስ በርስ ይሻማሉ።

ሌላ ብዙ ሰው የሚረሳው ትንሽ ቃል አለ፦ «ዓ.ም.» እና «እ.ኤ.አ.»። ተራ ጌጥ ይመስላሉ። ለእኛ ግን የሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት ያዘሉ ናቸው። የዲቪ 2026 ምዝገባ የተካሄደው በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። አንድ ሰው ገጹን «የ2017 ዲቪ ምዝገባ» ብሎ ቢሰይመው፣ ዲቪ 2017 የሚባል ሌላ ዙር አለ፤ ምዝገባው የነበረው በ2008 ዓ.ም. ነው። አንባቢው የትኛውን ይመን? «የዲቪ 2026 ምዝገባ በ2017 ዓ.ም.» ቢባል ግን ጥያቄ አይኖርም። አሜሪካ ወይም ገልፍ ላለ አንባቢ ስትጽፉ ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል። እሱ ቀን የሚቆጥረው በሁለቱም ነው።

ፈተናው እንግዲህ ይህ ነው። አያያዡን አውጡና ርዕሱን ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ጉዳዩን ለማያውቅ ሰው፣ ለእህታችሁ ወይም ለጎረቤታችሁ፣ አንብቡለትና «ገጹ ስለ ምን ይመስልሻል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሷ ከተቀየረ ወይም ካመነታች ቃሉ ይመለስ። መልሷ ካልተቀየረ ብታወጡትም ባታወጡትም ለውጥ የለውም፤ ለጆሮ የሚጥመውን ምረጡ።

ሁለተኛ ፈተና አለ። በብራውዘራችሁ የግል መስኮት ክፈቱ፤ የቀድሞ ፍለጋችሁ ውጤቱን እንዳያዛባ ነው። ሐረጉን በአያያዡና ያለ አያያዡ ሰርች አድርጉ። የመጀመሪያዎቹን አምስት ውጤቶች ጎን ለጎን እዩ። የሚለያዩ ከሆነ ቃሉ ሥራ እየሠራ ነው።

እርግጥ ሰው ሲፈልግ አሳጥሮ ነው የሚጽፈው። «የሽሮ ወጥ አሠራር» ብሎ ሳይሆን «ሽሮ አሰራር» ብሎ ይጽፋል። ይህ ማለት ርዕሳችሁም የተቆራረጠ ይሁን ማለት አይደለም። ፈላጊው በችኮላ ይጽፋል፣ ውጤቱን ግን እንደ አንባቢ ነው የሚያየው። የተስተካከለ አማርኛ ሲያይ ያምናችኋል። «አሠራር» እና «አሰራር»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሃይ» የሚለው የፊደል ጉዳይም አለ። ሁሉንም ዓይነት ርዕስ ውስጥ አትደርድሩ፤ ቃል ማጨቅ ይመስላል። ሁለቱንም ሰርች አድርጋችሁ አወዳድሩ፤ አንዱን ለርዕስ ምረጡ።

ደረጃ 4፦ ማድመቂያውን አውጡ፣ ጉዳዩን ወደ ፊት አምጡ

ጉግል ለታይትል ርዝመት ወሰን አላስቀመጠም። ውጤቱ ላይ ግን በስክሪኑ ስፋት ልክ ይቆርጠዋል፤ የቀረው በሦስት ነጥብ ይተካል። የሚለካው በፊደል ብዛት ሳይሆን በስፋት ነው። የእኛ ፊደላት ደግሞ ሰፋፊ ናቸው። ለእንግሊዝኛ የተጻፈ «እስከ 60 ፊደል ጻፉ» የሚል ምክር ለአማርኛ አይሠራም። እኔ ከ40 ፊደል እንዳያልፍ እጥራለሁ። ይህ የጉግል ሕግ ሳይሆን የራሴ ልማድ ነው።

ማድመቂያዎች የሚጎዱት በዚህ በኩል ነው። «ሊያመልጥዎ የማይገባ እጅግ ጠቃሚ ሙሉ መረጃ ስለ ቤት ኪራይ ውል» የሚለውን እዩ። ስልክ ላይ «ቤት ኪራይ» ከመድረሱ በፊት ሊቆረጥ ይችላል። «ስለ ቤት ኪራይ ውል ማወቅ ያለብዎት» ቢባል «ስለ» ፊት ላይ ቢኖርም ጉዳዩ ሁለተኛው ቃል ላይ አለ። ሁለት ፊደል የሆነችው «ስለ» አልጎዳችም። የጎዱት እነዚያ ስድስት ቃላት ናቸው።

«ዋና ገጽ» እና «እንኳን ደህና መጡ» ብቻውን ርዕስ ሆኖ ካገኛችሁ ዛሬውኑ ለውጡት። ስለ ምንም ነገር አይናገርም። በየገጹ መጨረሻ የሚደጋገም ረጅም የድርጅት ስምም ይጠር።

ደረጃ 5፦ መልሳችሁ ጻፉ

ጥቂት ምሳሌ ልስጣችሁ።

«ዳቦ እርሾ አሠራር» ነበር። «ያለ እርሾ የሚጋገር ድፎ ዳቦ አሠራር» ይሁን።

«ሰበር መረጃ! ሁሉም ሰው ሊያየው የሚገባ የዱባይ ሥራ» ነበር። «ወደ ዱባይ ለሥራ ከመሄድዎ በፊት የሚያስፈልጉ ሰነዶች» ይሁን። እዚህ ሦስት አያያዥ አለ፦ «ወደ»፣ «ለ»፣ «ከ… በፊት»። ሦስቱም ያስፈልጋሉ።

«ቡና ጥቅም ጉዳት ቡና ጤና ቡና» ነበር። «የቡና ጥቅምና ጉዳት ለጤና» ይሁን። «ቡና»ን ሦስት ጊዜ መድገም አንባቢን ከማራቅ በቀር ምንም አያመጣም። ጉግልም ቃል ማጨቅን በግልጽ ይቃወማል።

ደረጃ 6፦ የገጹን ትልቅ ርዕስም አዛምዱ

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2021 ጉግል በውጤት ላይ የሚወጣውን ርዕስ የሚያዘጋጅበትን መንገድ ለወጠ። ታይትላችሁ ካልጣመው ከገጹ ትልቅ ርዕስ ወይም ወደ ገጹ ከሚያመለክት የሊንክ ጽሑፍ ወስዶ ራሱ ይተካዋል። በቀጣዩ ወር ጉግል እንዳስታወቀው 87 በመቶ በሚሆነው ጊዜ የሚጠቀመው የባለቤቱን ታይትል ነው። የሚቀየሩት በተለይ ባዶ የሆኑት፣ በጣም የረዘሙት፣ በቃል የታጨቁት እና በየገጹ የሚደጋገሙት ናቸው።

ስለዚህ ሁለቱ ርዕሶች አንድ ነገር ይናገሩ። ቃል በቃል መመሳሰል የለባቸውም። ታይትሉ «ያለ እርሾ» ካለ ግን የገጹም ርዕስ «ያለ እርሾ» ይበል።

ደረጃ 7፦ ሊንኩ ላይ ማሳጠር ይቻላል

አያያዥ ቢወጣ የማይከፋበት ቦታ ቢኖር ሊንኩ ነው። ምክንያቱም የግዕዝ ፊደል ሊንክ ውስጥ ሲገባ ወደ ኮድ ይቀየራል፤ አንዱ ፊደል ዘጠኝ ምልክት ይሆናል። «ያለ እርሾ የሚጋገር ድፎ ዳቦ» 14 ፊደል ነው። ሊንክ ላይ ከሰረዞቹ ጋር 130 ምልክት ይደርሳል። ቴሌግራም ላይ ኮፒ አድርጋችሁ ስትለጥፉ የሚመጣው ያ ረጅም የመቶኛ ምልክት ሰልፍ ይህ ነው። «ያለ-እርሾ-ድፎ-ዳቦ» ካላችሁት ወደ 84 ይወርዳል። «የሚጋገር»ን ቆረጥን፣ «ያለ»ን ግን አልነካንም። ደረጃ 3 ላይ ያለው ፈተና እዚህም ይሠራል።

ይህን ለአዲስ ገጽ ብቻ አድርጉት። የቆየ ሊንክ አትንኩ። የግድ ከሆነ አሮጌው ወደ አዲሱ በቋሚነት እንዲያሻግር 301 የሚባለውን ሪዳይሬክት ሥሩለት። አለበለዚያ ሰው ሼር ያደረገው ሊንክ ሁሉ ይሞታል።

ደረጃ 8፦ ለውጡን ለኩ

ጉግል ሰርች ኮንሶል ድረ ገጻችሁ በፍለጋ ላይ ያለበትን ሁኔታ የሚያሳይ ነጻ የጉግል መሣሪያ ነው። ድረ ገጻችሁን ካላስገባችሁ ዛሬ አስገቡ። ፐርፎርማንስ የሚለው ክፍል ሰው ምን ብሎ ፈልጎ እንዳገኛችሁ፣ ስንት ጊዜ እንደታያችሁ፣ ስንት እንደተጫኑ እና አማካይ ደረጃችሁን ያሳያል። የኋላ 16 ወር መረጃ ይይዛል።

በአንድ ጊዜ ሁሉንም ርዕስ አትለውጡ። አምስት ስድስት ገጽ ለውጡ፤ ቀኑን ሺቱ ላይ መዝግቡ። ከዚያ ሊንኩን ኮንሶሉ ውስጥ አስገብታችሁ ጉግል እንደገና እንዲያነበው ጠይቁ። ቢያንስ አራት ሳምንት ጠብቁ። ከለውጡ በፊት የነበረውን 28 ቀን ከለውጡ በኋላ ካለው 28 ቀን ጋር አወዳድሩ። ፋሲካ ወይም እንቁጣጣሽ መሐል ከገባ ተጠንቀቁ፤ የዶሮ ወጥ ገጽ በበዓል ሰሞን በራሱ ይወጣል። ያን ጊዜ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ሰሞን ጋር ማወዳደር ይሻላል።

ቁጥሩን ስታዩ ሁለት ነገር ለዩ። ደረጃው ሳይቀየር የሚጫኑት ከበዙ ርዕሱ ለሰው ግልጽ ሆኗል ማለት ነው። አያያዦችን መመለስ ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ይህን ነው። ደረጃውም ሆነ የሚጫኑት ካልተነቃነቁ ችግሩ ርዕሱ ላይ ላይሆን ይችላል። ርዕስ ከብዙ ምልክቶች አንዱ ብቻ ነው፤ ጽሑፉ ራሱ የፈላጊውን ጥያቄ ይመልስ እንደሆነ እዩ።

ከሁሉ በላይ የፍለጋ ሐረጎቹን ዝርዝር አንብቡ። ወዳጄ «እርሾ ድፎ ዳቦ» በሚለው ርዕስ ሳለች የሚመጡላት እርሾ ስንት እንደሚጨመር የሚጠይቁ ሰዎች ነበሩ። ገጹን ከፍተው እርሾ እንደሌለው ሲያዩ ይወጣሉ። «ያለ»ን ከመለሰች በኋላ «እርሾ ሳይገባ ዳቦ» እና «ያለ እርሾ ዳቦ አሰራር» የሚሉ ፍለጋዎች ዝርዝሩ ውስጥ መታየት ጀመሩ። እናንተም ከአራት ሳምንት በኋላ መጀመሪያ የምታዩት ይህን ዝርዝር ይሁን።